ለዲሴምበር እረፍት የስኪ ጉዞ፦ በምዕራብ ካናዳ ተራሮች የትኛው መስመር ለማን ይሻላል?

በካልጋሪና በኤድመንተን በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድ ኅዳር አጋማሽ ላይ ሲደረስ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ልጆቹ ከትምህርት ቤታቸው ጋር ሄደው ስኪ (በበረዶ ላይ መንሸራተት) ቀምሰዋል፤ የዲሴምበር መጨረሻ እረፍት ቀርቧል፤ ከዋሽንግተን ወይም ከሲያትል የሚመጡ ዘመዶችም አሉ፤ ታዲያ መኪና ይዘን ወዴት እንውጣ? መልስ ፍለጋ የሪዞርቶቹን ማስታወቂያ የከፈተ ሰው ሁሉም ስለ ተራራው ከፍታና ስለ ቁልቁለቱ ብዛት ሲያወሩ ያገኛቸዋል። ይህ ለሠለጠነ ተንሸራታች ይጠቅመው ይሆናል። አያት፣ ሁለት ሕፃናትና ስኪ ረግጦ የማያውቅ አባወራ ለጫነ መኪና ግን ቀድሞ መመረጥ ያለበት መንገዱ ነው፤ ተራራው ከዚያ በኋላ ይመረጣል። ይህ ጽሑፍ የሚያነጻጽረውም በዚሁ ምክንያት ነጠላ ሪዞርቶችን ሳይሆን የጉዞ መስመሮችን ነው።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው መመዘኛ መንገዱ ነው። በዲሴምበር መጨረሻ በእነዚህ ተራሮች ፀሐይ የምትወጣው በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ ሲሆን የምትጠልቀውም 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ ካርታው አምስት ሰዓት ይፈጃል የሚለው መንገድ፣ በረዶና የምሳ እረፍት ሲጨመሩበት፣ ከፊሉ በጨለማ የሚነዳ ሊሆን ይችላል። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በአብዛኞቹ የተራራ አውራ ጎዳናዎቿ ላይ ከኦክቶበር 1 እስከ አፕሪል 30 ድረስ የበረዶ ጎማን በሕግ ታስገድዳለች። ካልጋሪና ኤድመንተን የሚገኙባት ጎረቤቷ የአልበርታ ክፍለ ግዛት እንዲህ ያለ አጠቃላይ ሕግ የላትም፤ በዚህም ምክንያት ከካልጋሪ የሚከራዩ መኪኖች ብዙውን ጊዜ የሁሉም ወቅት ጎማ የተገጠመላቸው ናቸው። በአንድ ክረምት የመኪና አከራይ ሠራተኛ «ይህ ጎማ የትም ያደርስዎታል» ብሎኝ ቁልፉን ተቀብዬ ወጣሁ፤ በማግሥቱ የአንድ ሆቴል መግቢያ ዳገት ላይ መኪናው ወደ ኋላ ሲንሸራተት፣ ሦስት የማላውቃቸው ሰዎች ገፍተው አወጡኝ። የሁሉም ወቅት ጎማ ላስቲኩ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እየደረቀ ስለሚሄድ መንገዱን የመቆንጠጥ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ በጎማው ጎን ላይ የበረዶ ጎማ መሆኑን የሚያሳየው የተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት መኖሩን በዓይን ማየትና በኪራይ ውሉም ላይ ማስጻፍ ይገባል።

ሁለተኛው መመዘኛ ቁልቁለቱ ለማን እንደሚሆን ነው። በካናዳ አረንጓዴ ክብ ለጀማሪ፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን ለመካከለኛ፣ ጥቁር አልማዝ ለሠለጠነ፣ ጥንድ ጥቁር አልማዝ ደግሞ ለባለሙያ የሚሆን መንገድን ያመለክታል። መታየት ያለበት አረንጓዴው ምን ያህል እንደሆነ ብቻ አይደለም። ከተራራው አናት ጀምሮ እስከ ታች የሚወርድ አረንጓዴ መንገድ ካለ ልጅና አባት በአንድ ሊፍት (ተንሸራታቾችን በገመድ ወደ ላይ በሚያወጣው ማንሻ) ወጥተው በየችሎታቸው ወርደው ታች ይገናኛሉ። ከሌለ ግን ቤተሰቡ ቀኑን ሙሉ ተለያይቶ ይውላል።

ሦስተኛው በረዶውና ብርዱ ነው። ገና የወቅቱ መጀመሪያ በመሆኑ በዝቅተኛ ስፍራ ያሉ ተራሮች የታችኛው ክፍላቸው ዝናብ ሊያገኘው ይችላል፤ ከፍ ያሉት ደግሞ በረዷቸው አስተማማኝ ሆኖ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚደርስበት ቀን አለ። አራተኛው ማደሪያው ሲሆን፣ ለእኛ ሰው ይህ ከሌላው ተጓዥ ይልቅ ይከብዳል፤ ዲሴምበር 25 የሚውለው በጾመ ነቢያት ውስጥ ነውና። በተራራ ከተሞች ምግብ ቤቶች ሥጋ፣ ቅቤና አይብ የሌለበት ምግብ በየቀኑ እየፈለጉ ለአምስት ሰው መክፈል ያሰለቻል፣ ኪስም ይጎዳል። ሽሮ የሚንተከተክበት ምድጃ ያለው ማደሪያ ከሚያምር አዳራሽ በፊት ይመጣል። አምስተኛው ወጪው ነው። ስድስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ ከቤተሰቡ መካከል የማይንሸራተተው ሰው ቀኑን የት ያሳልፋል የሚለው ነው።

ባንፍና ሌክ ሉዊዝ፦ አንድ ቦታ አርፎ በየቀኑ መውጣት

ከካልጋሪ እስከ ባንፍ ከተማ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ በየአቅጣጫው ሁለት መስመር ያለው ትራንስ ካናዳ አውራ ጎዳና ሲሆን፣ ከዚህ ጽሑፍ መስመሮች ሁሉ ለክረምት ነጂ የሚቀለው እርሱ ነው። ከባንፍ ሆነው ሦስት ተራሮችን መድረስ ይቻላል። ኖርኬ ከከተማው በላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል፤ ትንሽ ነው፣ ግማሽ ቀን ለሚበቃቸው ልጆች ይመቻል፤ በጎማ ተቀምጦ መንሸራተቻም አለው። ሰንሻይን መኪናን ታች አቁሞ በጎንዶላ (በገመድ ላይ በተንጠለጠለ ዝግ ሳጥን) የሚወጡበት ነው፤ የላይኛው መንደሩ ከባሕር ጠለል በላይ 2,160 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ በዲሴምበር በረዶው አያሳፍርም፤ ይሁን እንጂ አብዛኛው ስፍራ ዛፍ የሌለበት ገላጣ በመሆኑ ነፋስ ሲነሳ መሸሸጊያ የለውም። በበዓሉ ሰሞን የመኪና ማቆሚያው በጠዋት ስለሚሞላ ከባንፍ የሚነሱትን የስኪ አውቶቡሶች መጠቀም ይሻላል።

ሌክ ሉዊዝ ከባንፍ 58 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የእኔ ምርጫ ለድብልቅ ቤተሰብ ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱም ከዋና ዋናዎቹ ሊፍቶች አናት ላይ አረንጓዴም፣ ሰማያዊም፣ ጥቁርም መንገድ ይነሳል፣ ከላይ የተጠቀሰውንም መመዘኛ የሚያሟላው በዚህ ነው። ጉድለቱ ብርዱ ነው። ሸለቆው ውስጥ ቀዝቃዛ አየር ይተኛና ታች ከላይ የባሰ የሚበርድበት ጠዋት ያጋጥማል፤ በእንዲህ ያለው ቀን ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት ሕፃን ይዞ መውጣት አያስፈልግም።

ለማይንሸራተተው ሰው ከባንፍ የሚበልጥ የለም። በእግር የሚዞሩት ከተማ አለ፣ በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ መራመድ አለ፣ ፍል ውሃም አለ። እንዲያውም የካናዳ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ፍል ውሃ ነው፤ በ1883 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ምንጩን አገኙ፣ በ1885 ደግሞ ስፍራው ተከለለ። በፍል ውሃ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ለሚያውቅ አዲስ አበቤ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። የባንፍ ችግሩ ዋጋው ነው፤ ከዲሴምበር 26 እስከ አዲስ ዓመት ማግሥት ባሉት ቀናት ወጥ ቤት ያለው ማደሪያ ማግኘት ከባድ ነው። ከፓርኩ በር ውጪ 20 ደቂቃ ያህል የምትርቀው ካንሞር ግን ምድጃ ያላቸው የኪራይ አፓርታማዎች ሞልተውባታል። ፓርኩ ውስጥ ለመቆም የመግቢያ ፈቃድ እንደሚያስፈልግም አይዘነጋ።

ጃስፐር፦ በበረዶ ሜዳዎቹ መንገድ

ከሌክ ሉዊዝ እስከ ጃስፐር ያለው 230 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በውበቱ ስሙ የተጠራ ነው፤ በክረምት ግን ሌላ ጠባይ አለው። በመካከሉ ያለው ነዳጅ ማደያ በክረምት ይዘጋል፤ አብዛኛው መንገድ የስልክ መስመር የለውም፤ በሌሊት በረዶ አይጠረግበትም፤ የበረዶ ናዳ ሲያሠጋም ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘጋል። በአልበርታ ውስጥ ቢሆንም በዚህ መንገድ ላይ የበረዶ ጎማ ግዴታ ነው። ታንክ ሞልቶ፣ ብርድ ልብስ ይዞ፣ በጠዋት መነሳት ያስፈልጋል። ሥጋቱን የማይወድ ቤተሰብ ከኤድመንተን በሀይዌይ 16 በኩል 365 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ መድረስ ይችላል፤ ያ መንገድ ረጅም ቢሆንም ከላይኛው ይልቅ የዋህ ነው።

የጃስፐሩ ማርሞት ቤዚን መነሻው 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ በረዶው ይታመናል፣ ለጀማሪ የሚሆን ሰፊ ስፍራ አለው፣ ወረፋውም ከባንፍ ተራሮች ያጠረ ነው። ተራራው ሥር ማደሪያ ስለሌለ ከከተማው በየቀኑ 20 ደቂቃ ያህል መንዳት ያስፈልጋል። በጁላይ 2024 የተነሳው ሰደድ እሳት ከከተማዋ ሕንፃዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉን አቃጥሏል፤ በዚህ ምክንያት የማደሪያው ቁጥር እንደ ቀድሞው ነው ብሎ ሳያስይዙ መሄድ አይገባም።

ጎልደንና ሬቭልስቶክ፦ ሮጀርስ ፓስን መሻገር

የሠለጠኑ ወጣቶች ሲሰባሰቡ ስሙ የሚነሳው ይህ መስመር ነው። ከሌክ ሉዊዝ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ጎልደን ይገኛል፤ ከከተማው በላይ ያለው ኪኪንግ ሆርስ ቀጥ ባሉ ገደላማ ቁልቁለቶቹ ይታወቃል። ከጎልደን 148 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ሬቭልስቶክ ደግሞ ከአናት እስከ ግርጌ 1,713 ሜትር የሚወርድ ነው፤ በሰሜን አሜሪካ የስኪ ሪዞርቶች ዘንድ ይህን ያህል ቁልቁል የሚወርድ ሌላ የለም። በሁለቱም ለጀማሪ የሚሆን ነገር ቢኖርም፣ ትኬቱ የሚከፈለው ለገደሉ ነው። ጀማሪ ይዞ ወደዚህ መሄድ ማለት ለትንሽ የመለማመጃ ሜዳ የትልቅ ተራራ ዋጋ መክፈል ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ሮጀርስ ፓስ በ1,330 ሜትር ከፍታ ላይ የሚያልፍ መተላለፊያ ሲሆን፣ በግራና በቀኙ ያሉት ተራሮች በረዷቸውን ወደ መንገዱ የሚያፈስሱ ናቸው። በ1910 በዚሁ ስፍራ ከቀደመው ናዳ የወረደውን በረዶ ከሐዲዱ ላይ ሲጠርጉ የነበሩ 58 ሠራተኞች በሌላ ናዳ ሞተዋል። ዛሬ የካናዳ ጦር መድፈኞች በክረምት እዚያው እየሰፈሩ፣ በረዶው ተጠራቅሞ በራሱ ጊዜ ከመናዱ በፊት በመድፍ እየመቱ ያወርዱታል። መድፉ በሚተኮስበትና የወረደው በሚጠረግበት ጊዜ መንገዱ ይዘጋል፤ ለአንድ ሁለት ሰዓት ሊሆን ይችላል፣ ትልቅ ማዕበል ከመጣ ግን ሊያድር ይችላል። ጎልደን ላይ እንዲህ ቆመን ስድስት ሰዓት ጠብቀናል፤ በነዳጅ ማደያው ግቢ ውስጥ የጭነት መኪኖች ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰልፈው፣ ሾፌሮቹ ሞተር አጥፍተው ተኝተው፣ እኛ ከፔርሙስ ሻይ እየቀዳን ልጆቹ የመኪናውን መስታወት በትንፋሻቸው እያደበዘዙ ስዕል ይስሉበት ነበር። በደቡብ በኩል በራዲየምና በክራንብሩክ የሚዞረው አማራጭ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ ስለሆነ መጠበቁ ይሻላል። ስለዚህ በዚህ መስመር የሚሄድ ሰው በመጨረሻው ቀን ከሬቭልስቶክ ተነስቶ በዚያው ማታ ከካልጋሪ አውሮፕላን እሳፈራለሁ ብሎ ማቀድ የለበትም፤ አንድ ትርፍ ቀን መያዝ የመስመሩ ዋጋ አካል ነው።

ሰን ፒክስና ቢግ ዋይት፦ ከማደሪያው ደጃፍ መንሸራተት

እነዚህ ሁለቱ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ መሐል አገር የሚገኙ ሲሆን ለትንንሽ ልጆች የተሠሩ እስኪመስሉ ድረስ ይመቻሉ። ሰን ፒክስ ከካምሉፕስ፣ ቢግ ዋይት ደግሞ ከኬሎና እያንዳንዳቸው 55 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። በሁለቱም መኪናውን አንድ ጊዜ አቁሞ ሳምንቱን ሙሉ ሳይነኩት መዋል ይቻላል፤ ከማደሪያው በር ላይ ስኪ አጥልቆ ሊፍት ድረስ መንሸራተት፣ የረሳውን ጓንት ለማምጣት መመለስ፣ ምሳ ቤት ገብቶ መብላት ይቻላል። ወጥ ቤት ያለው አፓርታማ በብዛት አለ። ሰን ፒክስ በስፋቱ ከዊስለር ቀጥሎ በካናዳ ሁለተኛ ነው፤ በሦስት ተራሮች የተከፋፈለ በመሆኑም በበዓል ቀን እንኳ ሰው ይበታተናል። ቢግ ዋይት የማታ ስኪ አለው፤ ጉድለቱ ጭጋጉ ነው። ደመናው ተራራው ላይ ተቀምጦ ዛፎቹን የቆመ ሰው እስኪመስሉ በበረዶ ያለብሳቸዋል፤ ለፎቶ ያምራል፣ ሁለት ሜትር ፊቱን ማየት ላልቻለ ጀማሪ ግን ደስ አይልም።

ዋናው ችግር ርቀቱ ነው። ከካልጋሪ በመኪና ከተሄደ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሮጀርስ ፓስንም መሻገር ግድ ይላል። ስለዚህ ከካልጋሪ የሚነሳ ቤተሰብ ወይ ሬቭልስቶክ ላይ አድሮ ማለፍ፣ ወይ ወደ ኬሎና ወይም ወደ ካምሉፕስ በረራ ይዞ እዚያ መኪና መከራየት ይሻለዋል። ከቫንኩቨር ለሚነሳ የኮኪሃላ አውራ ጎዳና አራት አምስት ሰዓት ያህል ያደርሳል፤ እርሱም 1,244 ሜትር ላይ ወጥቶ የሚወርድ በመሆኑ በማዕበል ቀን ይዘጋል።

ዊስለርና ፈርኒ በአጭሩ

ዊስለር ከቫንኩቨር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የ2010 የክረምት ኦሎምፒክ በርካታ የበረዶ ውድድሮች የተካሄዱበትና በስፋቱ ከሁሉም የሚበልጥ ነው። መንደሩ 675 ሜትር ላይ ብቻ ስለሆነ በገና ሰሞን ከተራራው አናት በረዶ ሲጥል ከታች ዝናብ ሊዘንብ ይችላል። በበዓሉ ቀናት የአንድ አዋቂ የቀን ትኬት ከ200 የካናዳ ዶላር በላይ ነው። ከሲያትል ለሚነሱ፣ ወይም መኪና መንዳት ለማይፈልጉና ከቫንኩቨር በአውቶቡስ ለሚሄዱ ይሆናል፤ ከአልበርታ ለሚነሳ ሰው ያን ያህል መንገድ የሚያስኬድ ምክንያት አይታየኝም። ፈርኒ ከካልጋሪ 300 ኪሎ ሜትር ያህል በደቡብ በኩል የሚገኝ የቀድሞ የከሰል ማዕድን ከተማ ሲሆን፣ ከባንፍ የረከሰ ማደሪያና ጥልቅ በረዶ አለው፤ ታችኛው ክፍሉ ዝቅ ያለ በመሆኑ ግን በሞቃት ሳምንት ዝናብ ያገኘዋል።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መስመር | ከየት፣ ምን ያህል | የመንገዱ ሥጋት | ለጀማሪ | ለማይንሸራተት ሰው | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ባንፍና ሌክ ሉዊዝ | ካልጋሪ፣ 130–185 ኪ.ሜ. | ዝቅተኛ | በጣም ጥሩ | ከሁሉም የተሻለ | ከፍተኛ፤ በካንሞር ይቀንሳል |
| ጃስፐር | ኤድመንተን፣ 365 ኪ.ሜ.፤ ሌክ ሉዊዝ፣ 230 ኪ.ሜ. | ከኤድመንተን መካከለኛ፤ ከሌክ ሉዊዝ ከፍተኛ | ጥሩ | መካከለኛ | መካከለኛ |
| ጎልደንና ሬቭልስቶክ | ካልጋሪ፣ 265–410 ኪ.ሜ. | ከፍተኛ | ደካማ | ደካማ | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ |
| ሰን ፒክስና ቢግ ዋይት | ካልጋሪ፣ 600 ኪ.ሜ. ገደማ፤ ቫንኩቨር፣ 400 ኪ.ሜ. ገደማ | ከካልጋሪ ከፍተኛ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | መካከለኛ፤ በረራ ካለ ይጨምራል |
| ፈርኒ | ካልጋሪ፣ 300 ኪ.ሜ. | መካከለኛ | መካከለኛ | መካከለኛ | መካከለኛ |
| ዊስለር | ቫንኩቨር፣ 120 ኪ.ሜ. | ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | ከሁሉም የበለጠ |

ለማን የትኛው?

ስኪ ረግጦ የማያውቅ ቤተሰብ መጀመሪያ ሩቅ መሄድ የለበትም። ካልጋሪ ከተማ ውስጥ ለ1988 ኦሎምፒክ የተሠራው የዊንስፖርት መለማመጃ ኮረብታ አለ፤ እዚያ ሁለት ጊዜ ትምህርት ወስዶ፣ ከዚያ ለዚሁ ኦሎምፒክ ወደተዘጋጀው፣ አንድ ሰዓት ያህል ወደሚርቀው ናኪስካ ደርሶ መልስ መሄድ፣ የተራራ ሆቴል ሳይከፍሉ ስኪ ይወዱት እንደሆነ ለማወቅ ይበቃል። በጀታቸው ጠባብ ለሆነም የምመክረው ይህንኑ ነው።

መካከለኛ በጀት ያለውና አያትም ሕፃንም የያዘ ቤተሰብ ካንሞር ላይ አፓርታማ ተከራይቶ አንድ ቀን ኖርኬ፣ ሁለት ቀን ሌክ ሉዊዝ፣ አንድ ቀን ፍል ውሃ ቢል ሁሉም ሰው የድርሻውን ያገኛል። ከኤድመንተን ለሚነሳና ግርግር ጠልቶ ጸጥታ ለሚፈልግ ቤተሰብ ጃስፐር፣ ሁሉም በደንብ ለሚንሸራተቱና ቀን ለማይቆጥሩ ጓደኛሞች ሬቭልስቶክ ይሆናል። ገንዘብ የማይቸግረውና መኪና መንዳት የሰለቸው ደግሞ ወደ ኬሎና በርሮ ቢግ ዋይት ላይ ሳምንት ይቀመጥ።

ከሁሉም በላይ ዋጋን የሚቀንሰው ግን የቀኑ ምርጫ ነው። ውዱ ሳምንት ከዲሴምበር 26 እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ ሲሆን፣ ዲሴምበር 25 ራሱ ብዙ ሰው ቤቱ ስለሚውል ተራራው ቀለል ይላል። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ያልገቡ፣ ወይም ከሥራቸው ፈቃድ ማስለወጥ የሚችሉ ሰዎች ጉዟቸውን በእኛ ገና፣ በጃንዋሪ 7 ዙሪያ ቢያደርጉት፣ በረዶው የበለጠ ተከማችቶ፣ ማደሪያው ረክሶ፣ ጾሙም ተፈትቶ ያገኙታል። ርካሽ የሆኑት የብዙ ተራራ ማለፊያዎች (በአንድ ክፍያ በበርካታ ተራሮች ላይ የሚያንሸራትቱ ካርዶች) በዲሴምበር መጨረሻ የማይሠሩባቸው ቀናት ስላሏቸው፣ ማለፊያ የሚገዛ ሰው የቀኖቹን ዝርዝር ሳያነብ መክፈል የለበትም። ማለፊያ የማይገዛም ቢሆን ትኬቱን ከቀናት በፊት በኢንተርኔት ከገዛ በትኬት መሸጫው መስኮት ከሚገዛው ያተርፋል፤ በአብዛኞቹ ተራሮች ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት አይከፍሉም።

ሲያዝም ቅደም ተከተሉ ይህ ቢሆን ይመረጣል፦ በነፃ የሚሰረዝ ማደሪያ፣ ቀጥሎ ትኬት፣ ቀጥሎ ጎማው በውል ላይ የተጻፈ መኪና። ከአልበርታ ወደ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሚሻገር ሰው የአምቡላንስ ወጪ በክፍለ ግዛቱ የጤና መድን እንደማይሸፈንለት አውቆ የጉዞ መድን ይግዛ፤ ከአሜሪካ የሚመጡ ዘመዶችም እንዲሁ። በመነሻው ጠዋት የአልበርታን 511 እና የብሪቲሽ ኮሎምቢያን ድራይቭ ቢሲ የመንገድ ሁኔታ መረጃዎች ማየት፣ አካፋ፣ የእጅ ባትሪና ብርድ ልብስ መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። እንጀራው ከሰው ጋር በመኪናው ውስጥ ይጫን፤ በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ያደረው የእኛ እንጀራ ሌክ ሉዊዝ ላይ ሲወጣ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳ ነበር።